«ጀማል በቆመበት ቁም»

ጋሽ እንድሪስ መሞቱን የሰማሁት ከሚሴ መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሹፌሩ ስልኩን ዘጋና ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ያ የሪጉ ሰውዬ፣ ባለ ስምንት ጣቱ፣ አረፈ አሉ» አለኝ። «ኢናሊላሂ» አልኩ። ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ከሚሴ ተወልጄ ስላደግሁ ሞት ስሰማ አፌ ላይ የሚቀድመው እሱ ነው። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ግን ለሞተ ሰው የሚገባ አልነበረም። «እንግዲህ ኢንጂነሩ በሰላም ሊተኛ ነው?» ብዬ ነው ያሰብኩት።

ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ ለመናገር ከጋሽ እንድሪስ ጋር ከተዋወቅሁበት ቀን መጀመር አለብኝ።

የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር የግል ድርጅት ውስጥ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። በከባድ መኪና ላይ በተጫነ መቆፈሪያ፣ ሁላችንም «ሪጉ» በምንለው ማሽን፣ ውሃ ለቸገራቸው መንደሮች ጥልቅ ጉድጓድ እንቆፍራለን። የእኔ ድርሻ ስንት ሜትር እንደተወረደ፣ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደወጣ፣ ማን ሥራ እንደገባና እንደቀረ መጻፍ ነው። ጋሽ እንድሪስ የደኅንነት ኃላፊያችን ነበር። ድሮ ራሱ ቆፋሪ ነበር፤ የሪግ ሰንሰለት የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ከወሰደበት በኋላ ነው ወደዚህ ሥራ የዞረው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በዚያች በግራ እጁ ነበር የሚጨብጠው። በግራ ሰላም ማለት ነውር መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። ሰውየው ደንግጦ ቁልቁል ሲያይ፣ «አየሃት? ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ቁርሴን በልቼ፣ ጤነኛ ሆኜ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያቺን እጅ የሚረሳ የለም።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት በየጠዋቱ ሰብስቦ ያቆመናል። «አካም ቡልተን?» ብሎ ሁላችንንም በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ይልና ወዲያው ፊቱን ቀይሮ፣ «ዛሬ እዚህ ማን ሊሞት ይችላል?» ይላል። በመጀመሪያው ቀኔ ሰላምታውና ጥያቄው ተከታትለው ሲመጡ ሳቄ አመለጠኝ።

«አንተ ባለ ወረቀቱ፣ መልስ እስቲ» አለኝ።

«ማንም አይሞትም፣ ኢንሻአላህ» አልኩት።

«ኢንሻአላህ የሚባለው መጀመሪያ ሥራህን ሠርተህ ነው። አሁን ወደ ላይ እይ።»

ቀና ስል ከማማው የተንጠለጠለ የብረት ዘንግ ልክ ከአናቴ በላይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሪግ አጠገብ ስደርስ ሽቅብ ሳላይ እግሬን አላነሳም።

የስጋት መገምገሚያ የሚባል ቅጽ ነበረው። ሌሎች ቢሮ ተቀምጠው ሲሞሉት አይቻለሁ። እሱ ወረቀቱን ይዞ ማሽኑን ይዞራል፤ የሽቦ ገመዱን በጓንት ይዳብሳል፤ ብሎኑን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። አደጋው ምንድን ነው፣ ማንን ይጎዳል፣ ምን ይደረግ፤ ይህን ጽፎ ሲያበቃ፣ ከመካከላችን ማንበብ የማይችሉ ስለነበሩ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ጮክ ብሎ ያነብልናል። «ማንን ይጎዳል» በሚለው ሥር «ሠራተኛ» ብሎ አይጽፍም ነበር። ስም ነው የሚጽፈው። «ጀማልን።» «ጌታቸውን።» ጌታቸው እኔ ነኝ። ስሜን እዚያ ላይ ሲያነበው የቆምኩበትን ቦታ እለቅ ነበር።

ጀማል የኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ለሪጉ አየር እያመቀ የሚሰጠው ማሽን ሠራተኛ ነበር። ሠላሳውን ያለፈ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ግሪስ ሲቀባ መንዙማ የሚያንጎራጉር ሰው። ጋሽ እንድሪስ ዙሩን ሲጀምር መፍቻውን ጥሎ ይከተለዋል፤ «ይቺስ? ይቺ ብትበጠስስ?» እያለ ጥያቄ ያበዛበታል። ጋሽ እንድሪስ ከሁላችንም ይወደው ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሰንበቴ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንዲት መንደር ስንቆፍር ነው። ከኮምፕረሰሩ ወደ ሪጉ የሚሄድ ወፍራም የአየር ጎማ አለ። ግፊቱ ከባድ ነው። ጎማው ከመጋጠሚያው ካመለጠ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ያገኘውን ሁሉ እየደበደበ ይወራጫል። ለዚህ ሲባል ጎማውን ከማሽኑ ጋር የሚይዝ አጭር የሽቦ ማሰሪያ አለ፤ ቢያመልጥ እንኳ ጎትቶ ያስቀረዋል። የእኛ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር። መጋጠሚያውም ተበልቷል። ጋሽ እንድሪስ ሦስት ቀን ተከታትሎ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ከቅጹ ግርጌ «ሥራ ይቁም» ብሎ ፈረመበት።

ሥራ አስኪያጃችን ኢንጂነር ከማል ይባል ነበር። ፈጣን፣ ንግግር አዋቂ፣ ሸሚዙ የማይቆሽሽ ሰው። ከመኪናው ሳይወርድ ወረቀቱን በመስኮት ተቀበለና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እንድሪስ፣ እንግዶቹ ለምረቃ የሚመጡት በዚህ ሳምንት ነው። ምን ልበላቸው? ጎማ ታሞብን ነው ልበል?»

«እውነቱን በላቸው። ሰው ይሞታል በላቸው።»

«አንተ ሁልጊዜ ሰው እንዳስቀበርክ ነው። እስካሁን ማን ሞተ?»

ጋሽ እንድሪስ ግራ እጁን አነሳ። ኢንጂነሩ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ኢንጂነሩ፣ «ከሚሴ ሂድና ማሰሪያውን ራስህ መርጠህ አምጣ» ብሎ ላከው። ጋሽ እንድሪስ ደስ ብሎት ሚኒባስ ጠበቀ። ከመሳፈሩ በፊት ወደ እኔ መጥቶ፣ «እስክመለስ ኮምፕረሰሩ እንዳይነሳ። ለአንተ ነው የምነግርህ» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

ሚኒባሱ ከዓይን እንደተሰወረ ኢንጂነሩ «አስነሱ» አለ።

ጀማል ብቻ፣ «ጋሽ እንድሪስ እንዳትነኩ ብሏል እኮ» አለ።

«የሚያዝህ እንድሪስ ነው ወይስ እኔ? ካልፈለግህ ጓንትህን አስቀምጥና ሂድ፤ የሚሠራ ሰው ሞልቷል።»

ጀማል እኔን አየኝ። እኔ መዝገቤን አየሁ። እሱም ሄዶ አስነሳው።

ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሠራም። እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ አቧራው ተነሳ። ጎማው መሬቱን ይገርፋል፣ ማሽኑን ይደበድባል፤ አንዱ ሠራተኛ በሆዱ ተስቦ ሞተሩን እስኪያጠፋው ድረስ ማንም መጠጋት አልቻለም። ብረቱ ጀማልን ያገኘው ደረቱ ላይ ነው። ወደ ሐኪም ቤት ይዘውት ሲሮጡ መንገድ ላይ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ እንድሪስ አዲሱን ማሰሪያ በፌስታል አንጠልጥሎ ከሚኒባስ ወረደ። ፊታችንን ሲያይ ገባው። አላለቀሰም። ጎማው ከተገጠመበት እስከ ደሙ ድረስ በእርምጃ ለካ። «አምስት» አለ። ተመልሶ እንደገና ለካው። አምስት ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ» አልኩት።

ፌስታሉን መዝገቤ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

በማግስቱ ኢንጂነሩ አዲስ የተሞላ ቅጽ ይዞ መጣ። ማሰሪያው በቦታው እንደነበረ፣ ጀማል ግፊቱ ሳይለቀቅ መጋጠሚያውን በገዛ እጁ እንደፈታ ይላል። ከሥር «ምስክር» የሚል መስመር አለው። «ፈርም፣ ጌታቸው። የሞተው አይመለስም፤ አንተ ደግሞ ቤተሰብ አለህ» አለኝ። ፈረምኩ። ይህን ለማሳመር አልሞክርም። ፈርቼ ፈረምኩ።

ለቅሶው የጀማል እናት የእመት ፋጡማ ቤት ነበር። ኢንጂነሩ በሦስተኛው ቀን መጣና ከወንዶቹ መሐል ተቀመጠ። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ጎበዝ ልጅ ነበር። የሚነገረውን ቢሰማ ኖሮ፣ ትንሽ ባይቸኩል ኖሮ፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ነበር» አለ።

እመት ፋጡማ ከሴቶቹ በኩል ሰሙት። «ልጄ ራሱን ነው እንዴ የገደለው?» አሉ።

ጋሽ እንድሪስ ተነሳ። «ውሸት ነው፣ እናቴ። ልጅሽን የገደለው ይኸ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ በለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም ብለው ክንዱን ያዙት። እሱ ግን ሳይቀመጥ ወደ ኢንጂነሩ ጎንበስ አለ። «ደምህን አልፈልግም። ጀማል በቆመበት ቦታ ሳላቆምህ ግን አልሞትም። ወላሂ!» ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። በማግስቱ ጋሽ እንድሪስ ከሥራ ተባረረ።

በቁጣ የሚምል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው ይበርድለታል። የጋሽ እንድሪስ ቁጣ ግን ውሎ ሲያድር እየሰከነ፣ እየተሳለ ሄደ። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፣ ከገበያ አይቀርም። ከግመል ነጋዴዎቹ ጋር ይቀመጣል። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ሳይነጋገሩ አይለያዩም። ጋሽ እንድሪስ እዚያ መሐል ገባ። ሪጉ በሚቀጥለው ወዴት እንደሚሄድ እኛ ሳንሰማ እሱ ይሰማል። መንደሩ ስንደርስ ግራር ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ እናገኘዋለን።

ተቀምጦ ብቻ አይደለም፤ አስተምሯቸው ነው። ጀሪካን የያዙ ሴቶች ኢንጂነሩን ከበው «የጎማው ማሰሪያ የታለ?» ይሉታል። በሕይወታቸው ሪግ አይተው የማያውቁ አንድ አባት የሽቦ ገመዱን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ስንት ክሩ ተበጥሷል?» ብለው ሲጠይቁት ሰምቻለሁ። መጀመሪያው መንደር ላይ ሳቀ። ሁለተኛው ላይ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ መንገድ ቀይረን ሌላ መንደር እንድንገባ አዘዘ፤ እዚያም ጋሽ እንድሪስ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ኢንጂነሩ ከሳ። ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ ግራር ግራሩን ማየት ለመደበት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከእኔ ጋር ግን ጋሽ እንድሪስ አይነጋገርም። የድሮ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ይጨብጣል፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ እጁ ይዘለኛል። አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ድንገት እጅጌዬን ያዘኝ።

«የፈረምክበት እጅ የቱ ነው?»

«ቀኙ» አልኩት።

«ይሠራል አሁንም?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ጠብቀው። እፈልገዋለሁ» ብሎኝ ሰው መሐል ገባ።

እጄን የፈለገው ከባቲ በታች፣ ሙቀቱ ጠዋት በሚጀምርበት አገር ነው። ሪጉን አቆምን፣ ጎማውን ዘረጋን። የሽቦው ማሰሪያ አሁንም የለም፤ ከከሚሴ የመጣውም ተበጥሶ አልተተካም፤ ኢንጂነሩ ሰው ዝም ለማሰኘት በቃጫ ገመድ አስሮት ነበር። የመንደሩ ሰው በሙሉ ወጥቷል። ጋሽ እንድሪስ ገመዱን በጣቱ አነሳና ለሽማግሌዎቹ አሳየ።

«ይበቃል፣ ምንም አይሆንም» አለ ኢንጂነሩ።

«እኛ ውሃ እንፈልጋለን» አሉ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ፤ «ምንም የማይሆን ከሆነ ደስ ይለናል።»

ጋሽ እንድሪስ ከጎማው ጀምሮ አምስት እርምጃ ቆጠረና በተረከዙ መሬቱ ላይ መስመር ጫረ። «ኮቱ» አለው፤ ና ማለት ነው። «ጀማል በቆመበት ቁም። አንተ እዚህ ቆመህ ኮምፕረሰሩ ይነሳ። ሩብ ሰዓት ብቻ። ከዚያ መንገድህን እለቅልሃለሁ፤ ሁለተኛ አታየኝም።»

ኢንጂነሩ ለመሳቅ ሞከረ። ዙሪያውን አየ፤ የሚስቅለት አላገኘም። የጀማልን ቦታ የተካው ሠራተኛ እጁን ማስነሻው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። እምቢ እንዳይል ምንም አይሆንም ብሏል። ሄዶ መስመሩ ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ የጋሽ እንድሪስን ፊት አየሁት። ማስፈራራት ብቻ አልነበረም። ጎማው ቢያመልጥ የሚያዝን ሰው ፊት አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ ሰው እንዳይሞት ሲጠነቀቅ የኖረውን ሰው ያን ቀን ፈራሁት።

ኮምፕረሰሩ ተነሳ። ጎማው በአየር ተሞላ፣ ተወጠረ፣ መሬቱ ላይ አንዴ ፈራገጠ። ኢንጂነሩ ዘለለ፤ ወደቀ፤ ተነስቶ እስከ መኪናው ጀርባ ሮጠ።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው፣ «ገና ምንም ሳይሆን ምን አሸሸህ?» አሉት።

«ሊያመልጥ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ፤ «ማሰሪያ የለውም እኮ! አምልጦ ሰው የሚገድል ነገር ነው!»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ሰማው። ጋሽ እንድሪስ እጁን አነሳ፤ ሞተሩ ጠፋ። ጸጥ ሲል «ዱጋዳ» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ እውነት ነው ማለቱ ነው። ሌላውም ተቀበለው። ጋሽ እንድሪስ ከጀማል ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሠራተኞቹ ፊት አነጋገረኝ። «መዝጋቢ፣ የተባለውን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ከዚያ የጀማልን የሐሰት ወረቀት የፈረምኩት እኔ መሆኔን፣ ማሰሪያ እንዳልነበረ፣ አስነሳ ያለው ማን እንደሆነ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ተናገርኩ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ጓንታቸውን አውልቀው ሪጉ ላይ አስቀመጡ። ያን ቀን አልተቆፈረም። ጉድጓዱን በኋላ ሌላ ድርጅት መጥቶ ቆፈረው።

ጋሽ እንድሪስ የሦስቱን ቀን ቅጾች ግልባጭ አስቀርቶ ነበር። የእኔ ቃል ተጨመረበት፣ የመንደሩ ሰዎች ፈረሙ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው መጥተው መረመሩ፣ መዝገቡም ተስተካከለ። ኢንጂነሩ ከሥራው ተነሳ፤ ሁለተኛ ሪግ የሚሰጠው አላገኘም። አዲሱን ወረቀት ጋሽ እንድሪስ ለእመት ፋጡማ ቤታቸው ሄዶ አነበበላቸው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። «ሟች ምንም ጥፋት የለበትም» የምትለውን እንዲደግምላቸው ጠየቁት። ደገመላቸው። ሦስተኛም ጠየቁት።

እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ኢንጂነሩ አስፋልቱ ዳር የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ጋሽ እንድሪስ በሳምንት አንድ ቀን በርጩማውን ይዞ ከሱቁ ፊት ለፊት ይቀመጣል። አይሳደብም። የሚገባውን ሰው ሁሉ በግራ እጁ ይጨብጥና የጀማልን ታሪክ ይነግረዋል። ኢንጂነሩ «አፉ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ» ብሎ ሽማግሌ ላከ። እምቢ አለ። ደግሞ ላከ። ሦስተኛ ጊዜ ሲላክ እኔም ነበርኩ፤ ያኔ ታርቀናል። «ጋሽ እንድሪስ፣ አይበቃም?» አልኩት። «እሱ ሲረሳ ነው ሌላ ጀማል የሚሞተው» አለኝ። ቀጠለና፣ «ደግሞም ደስ ይለኛል፣ ጌታቸው። አልዋሽህም። ሲያየኝ ፊቱ ሲጠቁር ደስ ይለኛል» አለ።

በመጨረሻ ኩላሊቱ ታመመ። ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ልጠይቀው ሄድኩ። ከስቶ አልጋው ውጦታል። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀና እጄን ያዘኝ።

«ከማልን አፉ ብዬዋለሁ» አለኝ። «ለአላህ ብዬ። ይህን ተሸክሜ አላህ ፊት መቅረብ አልፈልግም። ሂድና ንገረው፤ አደራ።»

«እሺ» አልኩት። ወጣሁ። ሱቁ በመንገዴ ላይ ነበር። አለፍኩት። በማግስቱም አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ፤ አልበዛብኝም ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ባጃጅ ውስጥ መርዶው ደረሰኝ።

ቀብሩ ላይ አገር ወጣ። የድሮ የሪግ ሠራተኞች ከየቦታው መጥተዋል። ኢንጂነሩም መጣ፤ ዳር ቆመ። ቃሬዛውን ለመሸከም ሲጠጋ ትከሻ የሚለቅለት አላገኘም። ሰዉ መበተን ሲጀምር ወደ እኔ መጣ። ሸሚዙ ተጨማድዷል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጌታቸው፣ አጠገቡ ነበርክ አሉ። ስለ እኔ ያለው ነገር አለ? አፉ ብሎኛል?»

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው።

«አላለም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ወደ አስፋልቱ ሄደ። ሚኒባሶች ሞልተው ያልፉታል። ጠርቼ ልመልሰው ብዙ ጊዜ ነበረኝ። ቆሜ አየሁት። በመጨረሻ አንዱ ቆመለት፣ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። የጋሽ እንድሪስን አደራ በላሁ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ የምነግረውም አይመስለኝም።